ግጥም አያስፈልገውም

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ
ከሰዓት በኋላ ልምምድ፣ ጌጡ ቤት፣ ጓሮ። እንደ ሁልጊዜው። ረጅሙን ዘፈን ሁለት ጊዜ ተጫወትነው፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ። ደብረ ታቦር ውስጥ ፕሮግረሲቭ ሮክ የምንጫወት እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም… ሦስተኛው ክፍል፣ አባቴ የሞተ ሰሞን ያወጣሁት ዜማ ላይ ስንደርስ ጌጡ ድራሙን በስሱ ይመታል። ማንም ሳይነግረው። ፈንታሁን የኪቦርዱን ገመድ እየጠቀለለ፣ "በሰባት ዓመት እንዲህ አምሮብን አያውቅም" አለ። ደስ ብሎኝ ገባሁ። የሰባተኛ ክፍል ደብተር አላረምኩም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
ፈንታሁን እንግዳ ይዞ መጣ። ፋሲል ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ሳክስፎን ይጫወታል። ጎበዝ ነው፣ አይካድም። ጃዝ፣ ፊውዥን ሲሉ ዋሉ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ፈንታሁን "ግጥሙን ብንዘለውስ?" አለ። ለሙከራ ነው ብዬ እሺ አልኩ። ሳልዘፍን ማይክ ይዤ ቆምኩ… አሥር ደቂቃ ሙሉ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
ልምምድ የለም። "ጌጡን አሞታል" አለኝ ፈንታሁን በስልክ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ
የጌጡን ሚስት ውዴን ባጃጅ ውስጥ አገኘኋት።
"ጌጡ ተሻለው?"
"ምን ሆነና? ቅዳሜም እሑድም ሲጫወቱ ነው የዋሉት። አንቺን 'ሥራ በዝቶባት ነው' አሉኝ።"
ፊቴ ሳይለዋወጥ አልቀረም። እስክንወርድ ድረስ ሁለታችንም ውጭ ውጭውን አየን።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ
ፈንታሁንን መሥሪያ ቤቱ ሄጄ አስጠራሁት።
"ልነግርሽ ነበር።"
"መቼ?"
"ሙዚቃችን ተለወጠ፣ ሕይወት። አሁን የምንጫወተው ግጥም አያስፈልገውም።"
"እኔስ?"
ጫማውን አየ።
አባቴን ስቀብር ደግፎ የያዘኝ ይሄ ሰው ነው? ሙዚቃው ይለወጥ፣ ግድ የለኝም። ፊት ለፊት "አንፈልግሽም" ማለት አቃተው? ጌጡን ማሳመም ነበረበት?

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ
ኮንሰርታቸው ዛሬ ነበር፤ አልሄድም ብዬ ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቷል። ከኋላ ተቀመጥኩ። አራተኛው ሙዚቃ ላይ ፋሲል ብቻውን ጀመረ… የአባቴ ዜማ። አንድ ቃል የለበትም። እንዲበላሽ ተመኝቼ ነበር። አማረ። አለቀስኩ።
ከዚያ ፈንታሁን ማይኩን ያዘ። "ይህን ያወጣሁት አባቴን ያጣሁ ሰሞን ነው።" ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ።
አባቱ ጋሽ ደምሴ እኮ ሐሙሲት በጤና አሉ! ለፋሲካ እሳቸው ቤት ነው የዋልኩት። በእጃቸው አጉርሰውኛል።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ
በምሳ ሰዓት ደወለ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ አነሣሁ።
"ያልኩትን ሰምተሻል አሉ። መድረክ ላይ አፌ ላይ የመጣ ነው…"
የማርመውን ደብተር ከደንኩ።
"ለጋሼ እንዳትነግሪ። አደራ።"
ጠበቅኩ። ስለ ዜማው ምንም አላለም። ስለ እኔም።
"አልነግራቸውም" አልኩ፤ ለሽማግሌው ስል። ዘጋሁት። ቁጥሩን ከስልኬ አጠፋሁ።
ምን ዋጋ አለው… በቃሌ ነው የማውቀው።