አርባው ስምና ሃያ ሦስቱ ሰዎች

ሐምሌ 24 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ። የጠዋቱ ሒሳብ፦ በሚዛኑ ፊት የቆሙ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፤ እህላቸውን ተቀብለው የሄዱ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ፤ ባዶ ከረጢት ይዘው የተመለሱ ሃያ ሦስት።

ይህን ከዕለት ማስታወሻዬ እንዳለ ገልብጬ የጀመርሁልሽ የዛሬው ነገር ሁሉ ከእነዚህ ሃያ ሦስት ሰዎች ስለሚነሣ ነው።

ለውድ እህቴ ለመድና ኢንድሪስ፤ አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ፣ የቤትሽ ሰላምስ? የእናታችን ጉልበት በዚህ ክረምት እንዴት ሆነላት? ባለፈው የላክሁላትን የሱፍ ሻርፕ ትለብሰዋለች ወይስ እንደ ልማዷ ለክፉ ቀን ብላ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት? ባለቤትሽን ይመርን ያ ሳል ለቀቀው? ልጅሽ ሐያትስ ትምህርቷን እንዴት ጨረሰች? እኔ፣ መሪማና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። የጎደለብን ነገር የለም ብዬ አልዋሽሽም፤ የጎደለውን ግን አንቺም ስለምታውቂው አልዘረዝረውም።

በሰኔ የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የአንቺ ፕሮግራም የእህል ተቀባዮችን ስም በኮምፒዩተር እየለየ እንደሚያትም፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበውን ሰው ራሱ አውቆ እንደሚሰርዝ፣ መስከረም ሁለት ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል እንደሚመረቅ ጽፈሽልኛል። ከዚያ በፊት «ተፈትኖ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» በሚለው ወረቀት ላይ እንድትፈርሚ እንደተጠየቅሽም ነግረሽኛል። የፈተንሽው በአርባ ስም እንደሆነና ልብሽ እንዳላረፈም አልደበቅሽኝም። «የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የጻፈ ሰው የራሱን ስሕተት አያይም፤ ሙከራው እናንተ ዘንድ ሲደርስ በነጋዴ ዓይን እይልኝ» ነበር ያልሽኝ። አየሁልሽ። ያየሁትንም ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ።

ለሙከራ ከተመረጡት ቀበሌዎች አንዱ የእኛው፣ የአሥመራው የገዛ ባንዳ ቀበሌ ነበር። የቀበሌው ሚዛን ከተሰበረ ቆይቷልና የእኔን ትልቁን ሚዛን ተውሰው እኔንም አብረው ጠሩኝ። አለቃሽ አቶ አሳምነው የታተመውን ወረቀት በሻንጣ ይዘው ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። ለሽማግሌ ከወንበራቸው ይነሣሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ሠልፈኛውን ከታዛው ሥር አስገቡት። ግን የተቀጠረባቸው ቀን አለ፤ ከበላይ የሚጠይቃቸውም አለ።

ሠልፉ በደኅና ጀመረ። ካለፈው ጊዜ ይልቅ ፈጠነ፤ ይህን ለሥራሽ ክብር ልመስክር። ከዚያ የቀበሌው ጸሐፊ «ፍረወይኒ ገብረመድኅን» ብሎ ጠራ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ወጥታ ከረጢቷን አስሞልታ ሄደች። ጥቂት ቆይቶ ከአናጢው ጓሮ የሚኖሩት ባልቴት፣ ሁላችንም እናታችን ለማለት አደይ ፍረወይኒ የምንላቸው፣ ተራቸው ደረሰ። የእሳቸውም አባት ገብረመድኅን ይባላሉ። ጸሐፊው ወረቀቱን አገላብጦ፣ ሁለት ጊዜ ስለተመዘገቡ ተሰርዘዋል አላቸው። አደይ ፍረወይኒ ነጠላቸውን አስተካክለው «ሓንቲ እየ፤ ክልተ ኮይነ ኣይፈልጥን» አሉ። አንዲት ነኝ፤ ሁለት ሆኜ አላውቅም ማለታቸው ነው። ቀጥለው ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳም እንዲሰማ ይመስለኛል፣ በአማርኛ፣ «ሁለት ብሆን ኖሮማ አንደኛዋን ከልጅ ልጆቼ ጋራ ቤት ትቻት እመጣ ነበር» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ከረጢቱን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ወጡ።

ቀጥሎ መሐመድ አሕመድ ተጠራ። መድና፣ አንቺም እንደ እኔ የሐርቡ ልጅ ነሽ። በገበያው መካከል ቆመሽ ይህን ስም ብትጠሪ ስንቱ ዞሮ እንደሚያይሽ እኔ ላንቺ አልነግርሽም። እኛ ቀበሌ ብቻ ስድስት መሐመድ አሕመድ አለ፤ አንዱን መሐመድ ሻሂ፣ አንዱን መሐመድ ማኪና፣ ሌላውን መሐመድ በርሚል እያልን ነው የምንለያቸው። ኮምፒዩተሩ ግን የፊተኛውን ሰው አድርጎ የቀሩትን ሌባ አደረጋቸው። ሦስተኛው ሲመለስ ነገሩ ገባኝ። አቶ አሳምነውን ቀስ ብዬ ብጠይቃቸው ቅጹ ከውጭ አገር የተቀዳ ስለሆነ ስምና የአባት ስም ብቻ እንደሚይዝ፣ የአያት ስም ቦታ እንዳጣ ነገሩኝ። በሩ ላይ ቆመው «መሐመድ አሕመድ» ብለው እንዲጣሩ ለመንኋቸው። ተጣሩ። ከታዛው ሥር አራት ሰዎች «አቤት» አሉ፤ አንደኛው ደግሞ ከመንገድ ማዶ ብስክሌቱን አቁሞ መጣ።

አርባውን ስም ከየት እንዳመጣሽው ልገምት፤ ከመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች ይመስለኛል። አንድ ቢሮ ውስጥ ሰው በስምም በአባት ስምም እምብዛም አይገጥምም። አንዱን ስም ሆን ብለሽ ሁለት ጊዜ አስገብተሽ ኮምፒዩተሩ እንደያዘው ጽፈሽልኛል። እንግዲህ ሌባውን ይይዝ እንደሆነ ፈተንሽ፤ ንጹሑን ይለቅ እንደሆነ ግን አልፈተንሽም። ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። ፍርሃትሽን ሳትደብቂ የጻፍሽልኝ ራስሽ ነሽ፤ ባትጽፊልኝ ኖሮ እኔም ሚዛኔን እያየሁ ውዬ እገባ ነበር።

እኔ ወደ አሮጌው ብረታ ብረት ገበያ፣ ወደ መደበር፣ ወርጄ አሮጌ ሚዛን ስገዛ ሻጩ ሁልጊዜ ሚዛኑ የሚያምርበትን ክብደት ያስቀምጥልኛል። አመሰግንና አነሣለታለሁ። ከዚያ የራሴን አደርጋለሁ፦ ዕቃውን ከሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖራለሁ፤ በጣም ትንሽ ነገር እሰጠዋለሁ፤ ከባድ ጭኜበት ካወረድሁ በኋላ ወደ ቦታው ይመለስ እንደሆነ አያለሁ፤ እንደ አጭበርባሪ ደንበኛም በክርኔ ደገፍ እላለሁ። የምፈልገው ልክ የሚሆንበትን ቦታ አይደለም፤ የሚዋሽበትን ነው። የሚዋሽበትን ካወቅሁት በኋላ ወይ አስጠግነዋለሁ ወይ እተወዋለሁ። አንቺም ሻጭና ገዢ ሆነሽ መቆም አትችዪም፤ ስለዚህ ገዢ የሚሆንልሽ ሌላ ሰው ያስፈልግሻል።

እህሉ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ አቶ አሳምነው በቀበሌው ቢሮ አስቀመጡኝ። ጉዳዩ እስከ መስከረም ሁለት ባይነሣ እንደሚሻል፣ ከዚያ በኋላ በዝግታ እንደሚታረም ነገሩኝ። እስከዚያ አደይ ፍረወይኒ ምን ይበላሉ ብዬ ጠየቅሁ። በዓሉን የሚያደናቅፍ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ አስታወሱኝ፤ እኔም አላጣሁትም። ስምሽን አልጠሩም፤ ግን ስለ አንቺ እያወሩ እንደነበረ ሁለታችንም አውቀናል። ከብዙ ክርክር በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ሃያ ሦስቱንም ነገ አምጡልኝ፣ አቶ ነጅሙዲን። አንድ በአንድ እናጣራ። ሁሉም ንጹሕ ከሆኑ ሙከራው ወድቋል ብዬ በራሴ እጅ እጽፋለሁ። አንድ እንኳ ሁለቴ የተመዘገበ ከተገኘ ግን ማሽኑ ሥራውን ሠርቷል፤ እህትዎም ትፈርማለች።»

እሺ አልሁ። ነጋዴ ከረጢቱን ሳይፈታ እሺ አይልም፤ እኔ ግን አልሁ።

ከቀትር በኋላ መሐመድ በርሚል ወደ ሱቄ መጣ። መደበር ውስጥ ከአሮጌ በርሚል ምድጃ የሚሠራው የአገራችን ሰው ነው፤ ከሃያ ሦስቱም አንዱ ነው። ሻሂ ባቀርብለት አልጠጣም። ሰው እስኪወጣ ጠብቆ፣ «ነጅሜ፣ ሌሎቹን አላውቅም፤ እኔን ግን በልክ ነው የያዘኝ» አለኝ። አንድ ጊዜ በቤቱ፣ አንድ ጊዜ በመሥሪያ ቦታው አድራሻ ተመዝግቧል። ምክንያቱን አልጠየቅሁትም፤ ራሱ ነገረኝ። የእህቱ ባልና አምስት ልጆች ከአገራችን ከቃሉ አውራጃ ድርቁን ሸሽተው መጥተው እሱ ቤት ተጠግተዋል። እህቱ መንገድ ላይ ቀርታለች። የቀበሌው ነዋሪ ስላልሆኑ የሚመዘግባቸው አላገኙም። ከልጆቹ ትንሿ አሁንም ቁራሽ ስትሰጣት ግማሹን በቀሚሷ ጠርዝ ትቋጥራለች አለኝ። ይህን ለእናታችን አታንብቢላት።

ሌሎቹን ሁሉ በየቤታቸው አውቃቸዋለሁ፤ እንግዲህ ፕሮግራምሽ ሃያ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ አንድ ጊዜ ልክ ሆኗል፤ ልክ የሆነውም በዚህ ሰው ላይ ነው። መሐመድን ደብቄ ሃያ ሦስቱም ንጹሕ ናቸው ብዬ ብከራከር ማንም ላያውቅብኝ ይችላል። ነገር ግን የሚዋሽ ሚዛን አገኘሁ ብዬ በሐሰት ድንጋይ ልፈትነው አልችልም። አንድ ውሸት ከተገኘብኝ የአደይ ፍረወይኒም እውነት አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ መሐመድ በገዛ አንደበቱ እንዲናገር፣ የእንግዶቹንም ችግር በዚያው እንዲያስረዳ እለምነዋለሁ። እምቢ ካለ ስሙን አላወጣም፤ ግን ስለ ሃያ ሁለቱ ብቻ ነው የምቆመው።

አሁን ወዳንቺ ጉዳይ ልምጣ። አቶ አሳምነው ነገ የሚሉትን ቢሉ አንቺ በዚያ ወረቀት ላይ እንዳለ አትፈርሚ። «አልፈርምም» ብለሽም አትነሺ፤ እሱ ለሚፈልጉሽ ሰዎች ገመድ ማቀበል ነው። ያደረግሽውን ብቻ ጻፊ፦ በአርባ ስም ፈተንሁ፤ ከአርባው የሚመሳሰል ስም አልነበረም፤ ሁለቴ የገባውን አንድ ስም ያዘ፤ ስማቸው የሚገጥም የተለያዩ ሰዎችን ግን አልፈተንሁም፤ አሥመራ ላይ ሃያ ሁለት ሰው በዚህ ተሰርዟል። ፊርማሽን ከዚህ ሥር አኑሪ። በእውነት ላይ የፈረመን ሰው ማንገላታት አይቻልም አልልሽም፤ ይቻላል። በደብዳቤሽ ያነሣሽው ውጭ አገር ሄዶ የመማሩ ዕድልሽም ሊያልፍ ይችላል፤ ይህን አስቤበት ነው የምጽፍልሽ። ነገር ግን በሐሰት ላይ ከፈረምሽ በመስከረም የሚጨበጨበው ለእነሱ ነው፤ በጥቅምት የተራበ ሰው ሲጮኽ የሚነበበው ግን ያንቺ ስም ይሆናል።

ስለ ማስተካከያውም ጥቂት ልበል። የአያት ስም ልጨምርበት ትዪ ይሆናል። እዚህ ከተማ ሰው እስከ አያቱ ሲጠየቅ ልቡ ይደነግጣል፤ ዘመዱ የት እንደሄደ ቀጥሎ የሚጠየቅ ይመስለዋል። ብዙው ወይ ይደብቃል ወይ ሌላ ስም ይሰጣል። የቤት ቁጥር ይሻላል ብዬ አስቤ ነበር፤ አደይ ፍረወይኒንና የጋጋሪውን ሚስት በትክክል ይለያቸዋል። ግን መሐመድ በርሚል በሁለት አድራሻ ነው የተመዘገበው፤ በቤት ቁጥር ብትለዪ እሱ ያመልጥሻል። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጪ ሃያ ሦስቱን መልሰሽ አስገቢ፤ አርባውንም አብረሽ። አንዱን ቀዳዳ ስትደፍኚ ሌላ እንዳልከፈትሽ የምታውቂው በዚያ ብቻ ነው። ሲታረም ሁሉ እንደገና ይፈተን፤ አንድ ጊዜ ልክ የመዘነ ሚዛን ከጥገና ሲመለስ ለእኔ አዲስ ሚዛን ነው።

ደብዳቤውን በፖስታ ቤት አልሰጠውም። ወደ እናንተ የሚወርድ የታመነ ሾፌር አለ፤ እሱ በእጅሽ ያደርስልሻል። መልስሽንም በእሱው ላኪልኝ፤ አጭርም ቢሆን ግድ የለም።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ዱዓዋ አይለየን፤ ሻርፑን ካላወጣችው ራሴ መጥቼ ሣጥኑን እከፍታለሁ ብሏል በያት። ለይመር ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሉን ቸል እንዳይል። ሐያትን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ የአሥመራ ካራሜላ ይልክልሻል በያት። መሪማ «ለመድና ብርታቱን ይስጣት» ብላ ሰላም ትልሻለች፤ ልጆቹም እጅሽን ይስማሉ። ጎረቤትሽ ወይዘሮ የሺሀረግንም ሰላም በዪልኝ፤ እናታችንን ስለሚያጫውቷት ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ወንድምሽ ነጅሙዲን ኢንድሪስ
አሥመራ፣ ገዛ ባንዳ

ከዕለት ማስታወሻዬ፣ ለነገ፦ ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ ጋሪ መከራየት። ግማሽ ኩንታል ማሽላ ከመጋዘን አውጥቶ መሐመድ በርሚል ቤት፣ ለእንግዶቹ ማድረስ። መሐመድን ይዞ ወደ ቀበሌ መመለስ።