በጎር መስክ ስላልተደረገው ጦርነት

ለተከበሩ ሚስተር ሄክተር ፒልቢም፣ የወረዳው ምክር ቤት የቅርስ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ማሞቂያ ክረምት ከበጋ ሳይቋረጥ እንዲዘልቅ እመኛለሁ። እኛ የኔዘር ሃርስኮት ሰዎች ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ፣ አውቶቡሱ ከቀረብን፣ መጠጥ ቤታችንም የከተማ ሰዎች የእረፍት ቤት ከሆነ ወዲህ በጸጥታ ብዛት ደህና ነን።

አንደኛ፣ መንደራችንን ባለ ታሪክ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። የመስካችን ስም ጎር፣ በአያቶቻችን አነጋገር ማረሻ ለማዞር የማይመች፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተረፈ ቁራጭ መሬት ማለት ነው። የእርስዎ ባለሙያዎች ግን ቃሉ በዛሬው እንግሊዝኛ የረጋ ደም ማለት መሆኑን ሲያውቁ፣ በድንች መደባችን ላይ ታላቅ ጦርነት አካሄዱበት። አንድ ሰይፍ፣ አንድ አጥንት እንኳ ሳይገኝ በአንድ ቃል ይህን ያህል ሰው መፍጀት የሚችል ጀግና አገራችን ከዚህ በፊት አላየችም።

ሁለተኛ፣ የሰማዕታቱ ዐፈር እንዳይቆፈር ብለው መስኩን በአጥር ስላስከበሩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መንደሩ በሙሉ አትክልቱን የሚያለማው እዚያ ነበር፤ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ሌላ ቦታም አልቀረንም። ስለ አጥሩ በጠሩን ስብሰባ ላይ ባለቤቴ፣ ከዝበርት፣ እዚያው ያበቀለውን ባሮ ሽንኩርት ከፍ አድርጎ፣ «ጌታው፣ ያ ሁሉ ደም ፈሶበት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሽንኩርት እንዲህ ይከሳ ነበር?» ሲልዎ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እርስዎም ሳይስቁ፣ «አባባ፣ አስተያየትዎ ተይዟል» አሉት። እውነትም እንደ ተያዘ ቀረ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። አጥሩ ከቆመ በኋላ ከዝበርት በየጠዋቱ መኮትኮቻውን ይዞ እየሄደ፣ ሽቦውን ተደግፎ ቆሞ ይመለስ ነበር። አንድ ቀን ጫማውን እያወለቀ፣ «ሄስተር፣ ዘንድሮ ድንቹን ቀደም አድርገን እንትከል እንጂ» አለኝ። የት ብዬ ልጠይቀው አልቻልኩም። የካቲት ላይ ሞተ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ፤ እኔም ሐኪም ስላልሆንኩ አልተከራከርኩም። ተቆጥቼብዎታለሁ ክቡርነትዎ፤ ከቁጣዬ ይልቅ ግን ድካሜ ይበልጣል። አጥሩ እንደማይነሣ፣ ቢነሣም የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ አውቃለሁ።

ያለ አንዳች ጠላት ድል ላደረጉን ለእርስዎና ለመሥሪያ ቤትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ መልስ በመጻፍ እንዳይደክሙ በትሕትና እለምናለሁ።

ታዛዥዎ
ሄስተር ላርካም
ኔዘር ሃርስኮት፣ ከአጥሩ ወዲህ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያቆሙት ሰሌዳ «በዚህ መስክ የወደቁት ስማቸው አይታወቅም» ይላል። የአንዱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ከዝበርት ላርካም ይባላል። ስሙን ሰሌዳው ላይ ሲያስጽፉት እባክዎ ትርጉሙን ለባለሙያዎችዎ አይተዉት።