ባለቤቴ ትቶልኝ ያለፈው ቀይ ወይን

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ሰቆጣ

ፀጋዬ በሕመም ከተለየኝ ስምንት ወሩ። እሑድ ከሰዓት በፍላሽ ያስጫነውን የድሮ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ቀይ ወይን ይዘን እናይ ነበር። እሱ የወይኑን ጣዕም ከድራማው ጋር እያዛመደ በደብተር ይጽፋል። ዛሬ የቀረችውን አንድ ጠርሙስ ከፍቼ ቴሌቪዥኑን ሳበራ አባቱ፣ ቄስ ወልዴ፣ መጡ። አፍሬ ጠርሙሱን ላነሳ ስል፣ "ተይው ልጄ፤ ለእኔም ቅጂልኝ" አሉ።

ቀመሱና ፊታቸውን አጨፈገጉ። "እሱ ምን ይለው ነበር?" ሲሉኝ ከደብተሩ አነበብኩላቸው፦ "መጀመሪያ አፍ ያኮማትራል፤ ቆይቶ ዘቢብ ዘቢብ ይላል። ጎረቤቲቱ ሳታንኳኳ ስትገባ መጠጣት ነው። ባልዬው ሲዋሽ ግን ያንቃል።"

ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሳቃቸው ሳያልቅ እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ። እኔም አለቀስኩ።

ሲረጋጉ የመጡበትን ነገሩኝ።

"ልጅ አልወለዳችሁም፤ አንቺም ገና ወጣት ነሽ። ጋዝጊብላ እናትሽ ዘንድ ሂጂ፤ ትዳር ያዢ። አንቀየምሽም። እኔው ራሴ መርቄ እሸኝሻለሁ።"

"አባባ፣ እርስዎንስ ማን ያይዎታል?"

"እግዚአብሔር" አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

እስከ በር ሸኘኋቸው። ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር፤ እምቢ ብዬ እቀር ነበር። ምርቃትን ግን በምን አፌ እመልሰዋለሁ?