ዘጠናኛው ቀን

ውድ ልጄ፣ ችኩሌ፣

ያን ዓርብ ከምሳ በኋላ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ ስልኬ ጠራ። የመጣው ያንቺ ስም ነው። ማሽኑን ሳላቆም ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ "እሺ ችኩሌ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ፈጠርሽ?" አልኩ። የመለሰችልኝ ግን አብራሽ የምታድረው ጓደኛሽ ናት።

"እማማ፣ እባክዎ ይቀመጡ።"

ተቀምጬ ነበር እኮ። የምሆነው ጠፍቶኝ ተነሳሁ።

ከዚያ ወዲህ ስልክሽ እኔ ዘንድ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጮሃል፤ "ኪዩቦቹን እይ" የሚል ማስታወሻሽ ይወጣል፤ ለመመረቂያ ጥናትሽ አቡክተሽ ውሃ ውስጥ ያኖርሻቸውን የኮንክሪት ጡቦች ማለትሽ ነው። እንዴት እንደሚጠፋ አሳይተውኛል። አላጠፋሁትም። ሲጮህ "ተነስታለች" እላለሁ፤ ከዚያ ትዝ ይለኛል።

የምጽፍልሽ ቀስ ብዬ ነው፤ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ። ቶሎ ብጽፈውም ቶሎ የሚወጣልኝ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ዲግሪ አጣምረሽ እንድትማሪ የተመረጥሽ ጊዜ ሰፈሩን በወሬ አዳረስኩት። "ሌላው በሰባት ዓመት የሚጨርሰውን ምህንድስና የኔዋ በአምስት!" አንቺ ደግሞ፣ "እማዬ፣ በሰባት ወር ወልደሽኝ ምን ትጠብቂያለሽ?" እያልሽ ታስቂኝ ነበር።

አራተኛው ዓመት ላይ ደወልሽ።

"እማዬ፣ ደክሞኛል። ወደ መደበኛው ልመለስ። ትንሽ አርፌ ማስተርሱን ሌላ ጊዜ እማረዋለሁ። ቅጹ የሚገባው እስከ ነገ ነው።"

"የምርቃት ቀሚስሽን እኮ ቆርጬዋለሁ!" አልኩሽ።

ሳቅሽ። "ቀሚሱ ምን ያስቸኩለዋል? በኋላ ትሰፊዋለሽ።"

"ሰውስ ምን ይላል? አንድ ዓመት ናት የቀረችው፤ ቻይው።"

ከዚያ "እሺ" አልሽ፤ እንደ ልጅነትሽ፣ መድኃኒት ሳጠጣሽ እንደምትይው።

ቀሚሱ ሰበብ ነበር ልጄ። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጆች ዩኒፎርም ስሰፋ ኖሬ የኔዋ ከሁሉም ቀድማ ስትወጣ ማየት አማረኝ። የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ሆድሽን ሲያምሽ ጓደኛሽ ሐኪም ቤት እንሂድ ብላ ለምናሻለች። "ዛሬ ሃያ ስምንተኛው ቀን ነው፤ ሰብሬያቸው እንሄዳለን" አልሻት። ኮንክሪቱ ጥንካሬው የሚለካው በቀኑ ነው አሉ፤ ቀኑ ካለፈ እንደገና አቡክቶ እንደገና ሃያ ስምንት ቀን መጠበቅ ነው። መደበኛ ተማሪ ብትሆኚ ወሩን ትጠብቂው ነበር። ለአንቺ ግን የሚተርፍ ወር አልነበረሽም። ኪዩቦቹን ሰብረሽ፣ ቁጥሩን ጽፈሽ፣ ላቦራቶሪው በር ላይ ወደቅሽ። ሐኪሙ፣ "ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ቆይቷል" አለኝ። ከቀዶ ሕክምናው አልተመለስሽም።

ሁለት ወር ሲሆነው የላቦራቶሪው ባለሙያ ደወሉ፤ አንቺ "ጋሼ ሲሚንቶ" የምትያቸው።

"እናቴ፣ የልጅዎ የቀሩት ሦስት ኪዩቦች ገና ውሃ ውስጥ ናቸው። ሐሙስ ዘጠናኛ ቀናቸው ነው፤ የመጨረሻው መለኪያ። አማካሪዋ ይህ ውጤት ከገባ ሁለቱንም ዲግሪ እንሰጣታለን ብለዋል። እርስዎ ሳይኖሩ መስበር ግን ከበደኝ።"

ሄድኩ። ከገንዳው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ደረደሯቸው። በእያንዳንዱ ላይ የሐሙስ ቀን በእጅሽ ተጽፏል። ያልደረስሽበትን ቀን ጽፈሽ ሄደሻል። እርጥቡን ኪዩብ ስነካው እጅሽን የነካሁ መሰለኝ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

"ውሃ ውስጥ እስካለ እየጠነከረ ይሄዳል" አሉኝ።

"እሷ ከሄደች በኋላም?"

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ አንዱን መስበሪያው ማሽን ላይ አኖሩት።

"ይተዉት!" አልኩ።

"ዛሬ ካለፈ እኮ ማስተርሱ ይቀራል እናቴ።"

"ይቅር! ምን ያስቸኩላል? ደክሟታል!"

ያን ቀን በስልክ ልልሽ የሚገባኝ ይኸው ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ለማያውቁኝ ሽማግሌ አልኩት።

ኪዩቦቹን ወደ ውሃው መለሷቸው። ሐሙስም አለፈ። የሰጡኝ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ብቻ ነው። ጎረቤት ሲጠይቀኝ፣ "ወደ መደበኛው ተመልሳለች" እላለሁ፤ አበደች የሚሉኝም አሉ። ደግሜ ያለ ፈቃድሽ ወስኜብሽ ይሆናል። ሠርተሽ የጨረሽውን ከልክዬሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። የማውቀው መልስ ግን ያ ብቻ ነበር።

እናትሽ

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ለልጄ ነፍስ ጸልዩላት። እረፍት ለምኑላት። እኔም እጀምርና ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል፤ እረፍት እኔን ለምናኝ ከልክያታለሁና። እናንተ ለምኑላት።