የሱቄን ስም በሁለት ቋንቋ ለገመቱት ለአቶ ሀርቢ

ለተከበሩ አቶ ሀርቢ
የስደተኛ ነጋዴዎች የምክርና የሽምግልና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሕመድ ዳጋህ፣ ሀርጌሳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ የተከበሩ ባለቤትዎንም፣ ልጆችዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ አላህን እለምናለሁ። በተለይ የሚያስቸግርዎትን ጉልበት ያሽርልዎ፤ ባለፈው ቢሮዎ ስመጣ ከወንበርዎ ሳይነሱ ስላስተናገዱኝ ሕመሙ ብሶብዎት ይሆናል ብዬ ሰግቻለሁ።

እኔን እርስዎ በደንብ ያውቁኛል፤ ይህን ጽሑፍ በስደተኞች የኢንተርኔት ግሩፓችን ላይ ለሚያነቡት ወንድምና እህቶች ግን ራሴን ላስተዋውቅ። ዘኪያ እባላለሁ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ከባለቤቴ ከኸይሩ ጋር ሼክ ኑር የሚባል ሰፈር እንኖራለን፤ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ደግሞ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ የምሸጥባትና የማከራይባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የሱቋ ስም ጉሪ አሩስ ነበር፣ በአማርኛ የሙሽራ ቤት እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣችልኝ ሳዶ የምትባል የመጀመሪያ ደንበኛዬ ናት፤ ቀሚሷን ለብሳ መስታወት ፊት እየዞረች «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ሌላ ስም እንዳይጠራ» ብላ አዘዘችን፣ እኛም ታዘዝን።

ኸይሩ ኮምፒውተር የተማረ ስለሆነ በዚያው ስም የድረ ገጽ አድራሻ አስመዘገበ። የሙሽሮቹን ፊት ሳይሆን ቀሚሱን ብቻ መስቀያ ላይ አንጠልጥሎ ፎቶ እያነሳ ይለጥፍ ነበር፤ እናቶችም ይህን ሲያዩ ልጆቻቸውን አምነው ይልኩልን ጀመር። ከሁሉም በላይ ግን በክረምት ለሰርግ ከውጭ የሚመጡት ልጆች ገና ለንደን ሳሉ አድራሻችንን ስልካቸው ላይ ጽፈው ቀሚስ ይመርጣሉ፣ ልካቸውን ይልካሉ፣ ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣሉ። ሱቃችን ከዋናው መንገድ ገባ ያለች ናት። ያለዚያ አድራሻ ማንም አያገኛትም። ለዚህ ነው አንድ የማናውቀው ሰው ኢሜይል ልኮ አድራሻውን ልግዛችሁ ሲለን ከመመለሳችን በፊት እጃችን ላይ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚያወጣ ማወቅ የፈለግነው። ማንን እንደምንጠይቅ አላመነታንም። እርስዎን።

ክቡርነትዎ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ፤ መቼም የጽሕፈት ቤትዎ ማመልከቻ ሁሉ በቁጥር ነው።

አንደኛ፣ በገዛ ቋንቋዬ ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ። ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ በመሆንዎ አማርኛዎ ከእኔ ይጠራል፤ በዚህ ከተማ ሶማልኛ ተቀላጥፎ ለማይመጣላት ሴት «ነይ እህቴ፣ ቁጭ በይ» የሚል ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያጣው ሰው ነው። ያን ዕለት መነጽርዎን ከፍ አድርገው ስልኬን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ዘኪያ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ ነገር ዋጋ የለውም» አሉኝ። ስሙ የረዘመ ነው አሉ። ቃሉ ሶማልኛ ስለሆነ ከዚህ ውጭ የሚያውቀው የለም አሉ። እዚህ አገር ደግሞ በኢንተርኔት ልብስ የሚገዛ ሰው አልተፈጠረም፣ በየዓመቱ ለማሳደሻ የምትከፍሉትን ያህል እንኳ አያወጣም አሉ። ኸይሩ ገዥ ነኝ ባዩን ሰውዬ ሲያነሳብዎ ሳቁ። «አጭበርባሪ ነው፣ አትመልሱለት» አሉን። እኛም አልመለስንለትም። ታዛዦች ነን።

ሁለተኛ፣ ስለ ደህንነታችን ስለተጨነቁልን አመሰግናለሁ። አድራሻው በእኛ ስም ከቆየ አጭበርባሪዎች እንደማይተዉን፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቢዛወር ግን በሕግ እንደሚጠበቅ፣ እኛም እንደ ድሮው እንደምንጠቀምበት አስረዱን። ኸይሩ «ትንሽ እንቆይ» ብሎ ነበር። እኔ ነኝ የተቆጣሁት። አንድ ሰሞን ኸይሩ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ አጠገቡ ያደሩት እርስዎ አልነበሩም? የሱቃችንን የኪራይ ውል ስንፈርም ዋሳችን የሆኑት እርስዎ አልነበሩም? «አቶ ሀርቢን ነው የምትጠረጥረው?» ብዬ ባሌን አሳፈርኩት። በማግስቱ ኢሜይሌ ላይ የመጣውን የአድራሻውን ማዛወሪያ ኮድ በስልክ ፊደል በፊደል አነበብኩልዎ፣ እርስዎም እንዳይሳሳት ደግሜ እንዳነብልዎ ጠየቁኝ። ጥንቃቄዎን አደነቅኩ።

ሦስተኛውን ምስጋና ለማቅረብ አንድ እንግዳ ማስተዋወቅ ግድ ይለኛል።

የረመዳን ማግስት፣ የሰርጉ ወቅት ሊጀምር ሲል፣ ስልኬ ዝም አለ። ከውጭ የሚጽፍልን ጠፋ። ኸይሩ አድራሻውን ሲከፍተው የእኛ ቀሚሶች የሉም፤ በቦታቸው አምፖል የተንቆጠቆጠበት አንድ አዲስ የሰርግ አዳራሽ ብቅ አለ። ተበላሽቶ ነው ብለን ወደ እርስዎ ደወልን፣ ስብሰባ ላይ ነኝ አሉን። በዚያው ሳምንት አንድ ጎልማሳ ሰው ሀልዋ የሚባለውን ጣፋጭ በካርቶን ይዞ ሱቄ መጣ። ሳማታር እባላለሁ፣ የአዳራሹ ባለቤት ነኝ አለ። ለካ ኢሜይል የላከልን አጭበርባሪ እሱ ነው። ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት ሲለኝ ምኑን እንደሆነ አልገባኝም። እንድረዳው ብሎ ሶማልኛውን ቀስ እያደረገ «አጎትሽ ሀርቢ ነግሮኛል፤ ስሙን መሸጥ እንደከበደሽ፣ ግን ቤት ልትገዢ እንዳሰብሽ» አለኝ።

«የትኛው አጎቴ?» አልኩት።

ሰውዬው ሀልዋውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረን፤ ያመለጠኝን ኸይሩ ተረጎመልኝ። በእኔ ውክልና እየሸጡ መሆንዎን እንደነገሩት፣ ዋጋው በዛ ብሎ ሲከራከር ደግሞ እርስዎ ምን ብለው እንዳሳመኑት። ስሙ አጭር ነው፣ ማንኛዋም ሙሽራ አንዴ ሰምታ አትረሳውም ብለውታል። በንጹሕ ሶማልኛ ስለሆነ ከሀርጌሳ እስከ ለንደን ያለ ሶማሌ ሁሉ የሚፈልገው ነው ብለውታል። ለዓመታት በታማኝነት የሠራ ስም ስለሆነ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያምነዋል፣ እንዲህ ያለ ስም ድጋሚ ገበያ ላይ አይወጣም ብለውታል። የከፈለዎትን እዚህ አልጽፍም፤ ቁጥሩን ስሰማ ኸይሩ ወንበር እንዳመጣልኝ ብቻ ልግለጽልዎ።

እንግዲህ ሦስተኛው ምስጋናዬ ይህ ነው፤ ሥራዬን በዚህ ዓለም እንደ እርስዎ አድርጎ የገመተልኝ ሰው የለም። የባሌ እናት እንኳ እንዲህ አላመሰገነችኝም። ቅር ያለኝ ያን ሁሉ መልካም ቃል በሶማልኛ፣ እኔ በሌለሁበት መናገርዎ ብቻ ነው። እኔ ፊት ሲቀመጡና አማርኛ ሲናገሩ ያው ስም ለምን እንደሚረዝም፣ ለምን ዋጋ እንደሚያጣ አሁንም አልገባኝም።

አራተኛ ላይ የመጨረሻው ቀጠሯችን አለ። ቢሮዎ መጥቼ የጠየቅኩዎ ገንዘቡን አልነበረም፤ ያስታውሱ እንደሆነ መጀመሪያ ያልኩዎ «ውሸት ነው በሉኝ» ነው። አላሉኝም። ሻይ አዘዙልኝ። «ሱቅሽን ነካሁብሽ? የስፌት መኪናሽን ወሰድኩብሽ? የወሰድኩት ስም ነው» አሉኝ። እንባዬ ሲመጣ ደግሞ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ዘኪያ፣ ነገሩን አታክርሪው። እዚህ አገር ዋስሽ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እርስዎ ነዎት» አልኩዎ።

«ይኸውልሽ» አሉኝ።

ሻዩን ሳልቀምሰው ወጣሁ፤ ስላዘዙልኝ ግን አመሰግናለሁ። በር ላይ ጸሐፊዎ አሳዝኛት መሰለኝ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ለሽምግልና ኮሚቴው ማመልከት እንደሚችል ነገረችኝ። ኮሚቴውን የሚመራው ማን እንደሆነ ስጠይቃት ወደ በርዎ ዞር ብላ አየች። ለዚህ ነው ማመልከቻዬ በአደባባይ የወጣው፤ ክቡርነትዎን ከሳሽ አስቀምጠው ስለ ራስዎ እንዲፈርዱ ማስቸገሩ አግባብ መስሎ ስላልታየኝ ነው።

አንባቢ መጨረሻውን ይጠይቅ ይሆናል። ሳማታር ስሙን አልመለሰልኝም፤ ከፍሎበታል፣ አዳራሹ ግንባር ላይ አስጽፎታል፣ ካርድ አሳትሞበታል። አልዋሸኝም፣ «መመለስ አልችልም» አለኝ። ነገር ግን ከሳምንት በኋላ ከሱቁ አከራይ ጋር ተመልሶ መጣና በውሉ ላይ በእርስዎ ቦታ ዋስ ሆኖ ፈረመ። ስለዚህ ዋሴ ማን እንደሆነ ለሚጠይቁኝ ከእንግዲህ የምመልሰው አለኝ። ኸይሩ ለሱቋ ሌላ ስም አውጥቶ ሌላ አድራሻ አስመዘገበ፣ ቀሚሶቹን እንደገና አንድ በአንድ እያነሳ ነው። እስካሁን ከውጭ የጻፈልን የለም። የዘንድሮ ሙሽሮች የድሮውን ስም ጽፈው ይፈልጉናል፣ አዳራሽ ያገኛሉ፣ የሙሽራ ቤቷ ሴትዮ ሠርታ ሠርታ አዳራሽ ከፈተች ብለው ደስ ይላቸዋል አሉ። አንዷ ደውላ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። አሜን አልኳት፣ ምን ልበላት?

ኸይሩ «ትንሽ እንቆይ ብዬ ነበር» ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ግምት እንዲሰጡኝ እፈልጋለሁ፣ በዚህ ሥራ የተካኑ ስለሆኑ። ባለፈው ረመዳን ዱዓ ሳደርግ የእርስዎን ስም ከሟቹ አባቴ ስም አስከትዬ እጠራው ነበር። ዕድሜውን አርዝምለት፣ ለእኛ ለባይተዋሮቹ አባት ሆኖናል እያልኩ። ያን ጊዜ አድራሻው ተሽጦ ነበር ለካ። አሁን ይህን ዱዓ መልሼ እንዳልወስደው ከማን እንደምወስደው አላውቅም፣ እንዳልተወው ምላሴ ለምዶት አሁንም ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ መሬት ሲነካ ይጠራዎታል፣ ተነስቼም ለራሴ አለቅሳለሁ። ይህ ስንት ያወጣል? በየትኛው ቋንቋ ቢሆን ይሻልዎታል?

ከሥራ ብዛት ጊዜዎን ሠውተው እስከዚህ ስላነበቡኝ፣ ባዕድነቴን በየጊዜው ስላስታወሱኝ፣ ባሌን ማመን እንዳለብኝም ስላስተማሩኝ፣ ከጫማዎ ሥር ዝቅ ብዬ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ እርስዎ እንደተመኙልኝ ያለ እድገት እመኛለሁ።

የቀድሞዋ የጉሪ አሩስ ባለቤት፣
ዘኪያ
ኮድቡር፣ ሀርጌሳ

ማስታወሻ፦ ይህን ልለጥፍ ስል ትልቋ ልጅዎ ሳጋል ወሬውን ሰምታ ሱቄ መጣች። «እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በአፌ መመለስ ስላቃተኝ ደብዳቤውን ሰጠኋት። እርስዎ ራስዎ አማርኛ ስላስተማሯት ያለ ችግር አነበበችው፤ ቆማ ጀምራ ተቀምጣ ጨረሰች። ከዚያ «በአማርኛ ብቻ ከሆነ የእኛ ሰዎች እንዴት ያነቡታል?» አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የሶማልኛ ትርጉም የእሷ ነው። ሶማልኛ ማንበብ ስለማልችል አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፣ አባትሽን ምን ብለሽ ጠራሽው አልኳት። «እንዳንቺው» አለችኝ፣ «የተከበሩ ብዬ»።