ዘጠኝ ጊዜ አንድ ትንፋሽ

ሚስተር ክሬል ነው ልጄን ለዚህ ጉዳት ያደረሰው፤ ሸክላ የሚያሳትመው ሰውዬ። ይህን ሳልጽፍ እጄ ለሰላምታ አልታዘዝ አለኝ።

እህት ዓለሜ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እዚያ ሜከን ከተማ ሙቀቱ በረደላችሁ? እኔ እዚህ ኒውዮርክ በአካል ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን የለኝም። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝ ልጄ ዴልበርት ነበር። ይሄን እንዲያየው ስላልፈለግኩ፣ በስልሳ ዓመቴ ቤተ ክርስቲያን በተማርኳት ፊደል ራሴ እየጻፍኩ ነው። ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

የላክንልሽን ሸክላ ሰምተሻል። ሁለተኛው ገጽ ሙሉውን አንድ ሙዚቃ ነው፤ የኤሌክትሪክ ጊታሩ ከሥር ሲጮህ የልጄ ትራምፔት ከላይ ሃያ ደቂቃ ሳያርፍ ይሄዳል። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ዓይነት ሳንባ ነው!» ይለኛል። እህቴ፣ ልጄ እንደዚያ አልነፋም። በረዶው ሳለ የላይኛው ከንፈሩ ከውስጥ ተሰንጥቆ ነበር። ሐኪሙ ስድስት ወር ካላረፍክ ዳግመኛ አትነፋም ብሎታል። ስቱዲዮ ምግብ ይዤለት ስሄድ፣ ጥቂት ነፍቶ ደም ሲተፋ አየው ነበር። ሚስተር ክሬል ያችኑ ጥቂት ከቴፕ ወደ ቴፕ እየቀዳ፣ በምላጭ እየቆረጠ ይቀጣጥላት ነበር።

ዴልበርት ሊነፋ አየር ሲስብ አፍንጫው ያፏጫል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው። ሸክላው ላይ ያቺን ፉጨት ቆጠርኳት። ዘጠኝ ጊዜ፣ ሳትረዝም ሳታጥር። ሚስተር ክሬልን «ይሄማ አንድ ትንፋሽ ነው» አልኩት። «ጆሮሽ ከመሣሪያዬ ይበልጣል! ለሰው እንዳትነግሪብኝ ብቻ» ብሎ ሳቀ፤ በልጄ ዕድሜ ያለ ሰውዬ፣ በስሜ እየጠራኝ።

ሸክላው ሲወደድለት ደግሞ በሚመጣው ቅዳሜ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ጸጉራቸውን ያሳደጉ ወጣቶች ፊት፣ ያንኑ ሃያ ደቂቃ እንዲነፋ አስፈረመው። ሦስት ሺህ ሰው እያየ ምን በምላጭ ይቀጠላል? ትናንት አዲሱ ከበሮ መቺ ክሊፈስ መጥቶ፣ «አለቃ፣ እኔ ከኋላህ በላብ ልሟሟ፣ አንተ እንደ ሸክላው ሳትተነፍስ ልትጨርስ ነው? ኧረ ሳንባ አበድረኝ!» አለው። ልጄ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ክሊፈስ ሲሄድ ደም የነካውን የልጄን መሐረብ ተቀብዬ በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት። የዶሮ ጥብስ ጨው ስለሚያቃጥለው ስኳር ድንች እየፈጨሁ አበላዋለሁ።

ማታ «እማዬ፣ ብቀርስ?» አለኝ። «ተኛ» ብዬ መብራቱን አጠፋሁበት። ጥፋቱ የሚስተር ክሬል ነው እንጂ እኔ ስቱዲዮ የወሰድኩት ምግብ ነው። ምግብ ብቻ። ይህን ፖስታ ቤት ጥዬ ስመለስ ግን መልሱን እሰጠዋለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ከደጅሽ ክፉ ያርቅልሽ። ለእኔም ለምኝልኝ። ከእንግዲህ እንደ ያኔው ከስቱዲዮው መስታወት ወዲህ ቆሜ «አንዴ ብቻ ድገማት፣ ልጄ» አልለውም።

ታናሽ እህትሽ