ትከሻዋ ላይ የቀረው እጅሽ

ውድ እህቴ አስካለ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ከሰላምታ በፊት ግን ክስ አለኝ። አደራ ብለሽ የተውሽልኝ አውራ ዶሮ ቀልቡ ጠፍቷል። የሚጮኸው ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ከገባ በኋላ ነው፤ እንደ ቀበሌ ሠራተኛ ያረፍዳል። ከሄድሽ አይቀር ይዘሽው ብትሄጂ ምን ነበረበት?

ሌላው ደህና ነው። ሞባይል መጠገኛዬ አሁንም ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ነው። ባጃጁ በዝቷል፤ ዝናቡ ያው የምታውቂው ነው።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። ምሕረት ለቡና ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበርነት ተጠቁማለች። ስብሰባ ላይ ተነስታ ቡናችን የሚመዘንበት ሚዛን ይፈተሽልን ስላለች ገበሬዎቹ ወደዷት። ሚዛኑ እንዲሁ እንዳለ የተመቻቸው ሰዎች ግን አልወደዷትም። ምርጫው ነገ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ባለቤቱ በማይታወቅ የፌስቡክ ገጽ ላይ ፎቶዋ ወጣ። ከአንድ ጠና ካለ ሰውዬ ጋር ቆማለች፤ የሰውየው ፊት ደብዝዟል፤ ትከሻዋ ላይ እጅ አለ። ጥቆማውን ያገኘችው በዚህ ሰውዬ አልጋ በኩል ነው ይላል ጽሑፉ። ከወንዶቹ ተወዳዳሪዎች አንዱ ሰክሮ ቦይ ውስጥ ሲገባ ከተማው አይቶታል፤ ስለ እሱ አንድ መስመር የጻፈ የለም።

ሰውየው እኔ ነኝ፣ አስካለ። ኮቴን ብታይ ወዲያው ታውቂው ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ውሽማ ተባልኩ፣ ያውም የእህቴ ልጅ ውሽማ! እጁ ደግሞ ያንቺ ነው። ከኮሌጅ የተመረቀች ቀን አንቺ በአንድ ጎኗ፣ እኔ በሌላው ጎኗ ሆነን የተነሳነው ነው። አንቺን ቆርጠው ሲጥሉሽ ያቀፍሽበት እጅ ትከሻዋ ላይ ቀረ፤ የእኔ አደረጉት።

የባሰውን ያመጡት ግን የእድራችን ሰዎች ናቸው። ለቅሶ ቤት ሳይደርስ የሚቀር የለም አይደል? እዚያ ገጽ ላይም እንደ ለቅሶ ደረሱ። እትዬ ዘነበች «አይዞሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ጻፉበት። ሌላው ረገመበት። የቀረውም ይታዘቡኛል ብሎ ተከተለ። በጻፉ ቁጥር ፎቶው ለየወዳጆቻቸው እየታየ ዋጫ ከተማ ደረሰ፣ ቢታ ገነት ገባ። ምሕረት አትጻፉበት ብላ ብትለምናቸው፣ ዝም ካልንማ እውነት ነው ይሉናል ብለው ደግመው ጻፉ። እሷም ይቅርብኝ፣ አልወዳደርም ብላ ቢታ ገነት የአባቷ እህት ዘንድ ሄደች።

እኔም የቻልኩትን ማድረግ ያዝኩ። ስልክ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የጻፈውን ያጠፋል። ቀጥሎ ገጹ ሐሰት ነው ብሎ ለፌስቡክ የሚያመለክትበትን ቦታ አሳየዋለሁ። ከዚያ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩትን ሙሉውን ፎቶ ያያል። ሳይሰማኝ የሚሄድ ሰው ስልኩ ቶሎ አይጠገንለትም። እትዬ ዘነበች ፎቶው ላይ፣ ጣትሽ ላይ ያለውን ቀለበትሽን አይተው አለቀሱ፤ አሁን ገበያ ለገበያ እየዞሩ ያ እጅ የአስካለ ነው ይላሉ። ወሬ ማዳረስ እንደሚችሉበት ታውቂያለሽ።

ገጹ ግን ዛሬም አልተዘጋም። ደግሞስ ሰው ሁሉ ቢያምነኝ ምን ዋጋ አለው? ነገ ስሟ ሲጠራ አቤት የሚል ከሌለ ያሸነፉት እነሱ ናቸው።

ይህን ስጽፍ በሩ ተንኳኳ። ዶሮውን ልትከስ የመጣች ጎረቤት መስላኝ ነበር። ምሕረት ናት፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ ቦርሳዋ በእጇ። ሰላም እንኳ ሳትለኝ ፎቶው የታለ አለች። ነገ ስሟ ሲጠራ ይዛው ልትቆም ነው። አውርጄ ሰጠኋት። አሁን አንቺ ያለሽበትን በኩል በሻሿ ጫፍ እየወለወለች ነው።

እኔም ያንኑ ኮት ለብሼ ከጎኗ እቆማለሁ። ከእንግዲህ አንቺን ሳንይዝ የትም አንቆምም፣ አስካለ።

በይ፣ ልጅሽ ርቧታል። የዶሮው ጉዳይም ዛሬ ውሳኔ ሳያገኝ አይቀርም።